መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ሄደው ዓይን «አላይም» ሲል

በዚህ እትም ስለ መንጃ ፈቃድ እድሳት የተላኩልንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ፎርሙና ክፍያው ከአገር አገር ስለሚለያይ እሱን ለየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ትተን፣ የትም ቢሆን ሰውን ላብ በላብ የሚያደርገውን ወስደናል፦ የዓይን ምርመራ፣ የደም ግፊት ልኬትና የሰነድ ጣጣ።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ሄጄ የዓይን ምርመራው ላይ ወደቅሁ። ግንባሬን ሣጥን በሚመስል መሣሪያ ላይ አስደግፌ ፊደል እንዳነብ ታዘዝኩ። ከኋላዬ ረጅም ወረፋ ነበር፤ መርማሪዋም ታጣድፈኝ ነበር። ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። «መነጽርሽን አስተካክለሽ ነይ» ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ስልኬን ያለ ችግር አነባለሁ፣ መኪናም በየቀኑ እነዳለሁ። መነጽሬ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሚሆን ዓይነት ነው። ዕድሜዬ 52 ነው። ፈቃዴን ልነጠቅ ይሆን?
— የተጨነቀች አንባቢ

መልስ፦ በአንድ ቀን ምርመራ ብቻ አይነጠቁም። ፈቃድ የሚያስከለክለው በመነጽርም ሊስተካከል ያልቻለ ዕይታ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይያዙት፤ ምክንያቱ እስኪታወቅም መሪ አይጨብጡ።

መጀመሪያ የሚለካው ምን እንደሆነ ይወቁ። ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው ዘዴ መሠረት 6/12 ማለት ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ፊደል እርስዎ ከ6 ሜትር ይለዩታል ማለት ነው። አንዳንዱ ቦታ 20/40፣ ሌላው ቦታ 0.5 ብለው ይጽፉታል፤ ሦስቱም አንድ ልኬት ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት፣ በብሪታንያና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለቤት መኪና የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለከባድ መኪናና ለሕዝብ ማመላለሻ መስፈርቱ ከዚህ ይጠብቃል። ስልክ ማንበብዎ እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም፤ ስልክ የቅርብ ዕይታ ነው፣ መንገድ ደግሞ የሩቅ።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቀው እዚያ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው መነጽሩ ራሱን ሳይሆን አቀማመጡን ነው። ከላይና ከታች የተለያየ መነጽር ያደረገ ሰው ግንባሩን ሣጥኑ ላይ ሲያስደግፍ አገጩ ቀና ይላል፤ ያኔ ዓይኑ በታችኛው፣ ማለትም ለንባብ በተሠራው ክፍል በኩል ያያል። ፊደሉ ግን የተዘጋጀው ለሩቅ ዕይታ ስለሆነ ይደበዝዛል። መፍትሔው አገጭን ወደ ደረት ሳብ አድርጎ በላይኛው ክፍል ማየት ነው። የመሣሪያው ከፍታ ካልተስማማዎት ወንበሩ ዝቅ ወይም ከፍ እንዲልልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ልመና አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ዓይን ራሱ መሸወዱ ነው። ሣጥን ውስጥ የምናይ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ፊደሉ በሌንስ አማካይነት ሩቅ እንዲመስል ቢደረግም ዓይናችን ለቅርብ ነገር ይዘጋጃል። በዚህ የተነሳ ደህና የሚያይ ሰው ለጊዜው ሩቅ የማያይ ይሆናል፤ ወጣቶች ላይ ደግሞ ይበረታል። ከማንበብዎ በፊት ዓይንዎን ጨፍነው ይክፈቱ፣ ከሣጥኑ ባሻገር ያለ ተራራ እንደሚመለከቱ ሆነው ይዩ። ካልሆነ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ሰንጠረዥ እንዲመረመሩ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ጭንቀቱ ነው። ሰው ሲደነግጥ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ብሌን ሲሰፋ ደግሞ በመነጽር ያልታረመች ትንሽ ጉድለት ጎልታ ትወጣለች። በዚያ ላይ ወረፋ ላይ ስልክ ላይ አፍጥጦ የቆየ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይቀንሳል፤ ዓይኑ ይደርቅና ፊደሉ ይንቀጠቀጥበታል። ከመጠራትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት፣ በመስኮት አሻግረው ሩቅ ሩቁን ይመልከቱ፣ ዓይንዎን ደጋግመው ያርገብግቡ።

ዳግም ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ራስዎን መሞከር ይችላሉ። በነጭ ወረቀት ላይ ቁመቱም ስፋቱም 17.5 ሚሊሜትር የሆነ የማበጠሪያ ቅርጽ ይሳሉ፤ አንድ ቋሚ መስመር ይኑረው፣ ከእሱ ወደ አንድ ጎን የሚወጡ ሦስት ጥርሶች። እያንዳንዱ መስመርም ሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። በጥቁር ያጥቁሩት። ደህና ብርሃን ባለበት ክፍል በ6 ሜትር ርቀት ላይ ይቁሙ፤ ሌላ ሰው ወረቀቱን እያዟዟረ ጥርሱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ መሆኑን ይጠይቅዎት። 6 ሜትር የሚሆን ክፍል ከሌለ ቅርጹን በ8.7 ሚሊሜትር ሠርተው በ3 ሜትር ይሞክሩ። አንዱን ዓይን በመዳፍ ይሸፍኑ፤ በጣት ከተጫኑት ሲገልጡት ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዝብዎታል። በግምትም አራት ጊዜ አንዴ ስለሚገኝ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ያስዙሩት፤ ስድስቱን ከለዩ የ6/12 መስመር ላይ ነዎት ማለት ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

ሌላ አንድ ሙከራ እንጨምር። ጠንከር ያለ ካርቶን በመርፌ ይብሱና 1 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባላት ቀዳዳ ያንኑ ቅርጽ ይዩት። በቀዳዳዋ በኩል ጠርቶ ከታየዎት ችግሩ የመነጽር ቁጥር ነው፤ ቀዳዳዋ የተበተነውን ብርሃን ከልክላ ቀጥታውን ብቻ ታስገባለችና። በቀዳዳዋም ካልጠራ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ወይም የሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ችግር ሊኖር ስለሚችል መነጽር ቤት ብቻ መሄድ አይበቃም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ዓይኔን እዩልኝ» ብቻ አይበሉ። የመንጃ ፈቃዱ መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ፎርም ካለ ይዘው ይሂዱ፤ የእያንዳንዱ ዓይን ልኬት ያለ መነጽርና በመነጽር፣ የሁለቱም በአንድነት፣ የጎን ዕይታ ስፋት፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም እንዲሞላ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚመላለሰው አንዷ ሳጥን ባዶ ስለቀረች ነው። የሐኪም ወረቀት የራሱ ማብቂያ ቀን ስላለው ደግሞ ከወራት በፊት አስሞልቶ ማስቀመጥ አይጠቅምም።

አዲስ መነጽር ከታዘዘልዎ ወለሉ ጎበጥ፣ ደረጃው ቀረብ ያለ መስሎ ይታይዎታል። እስኪለምዱት ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ በእነዚያ ቀናት አይንዱ፣ ምርመራም አይቀመጡ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ደግሞ የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የመነጽር ቁጥርም አብሮ ይዋዥቃል። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ስኳሩ ተረጋግቶ ሳምንታት ሳይቆይ መነጽር ቢያሠራ ገንዘቡን ነው የሚጥለው።

ሰንጠረዡን ከፊት ከተመረመረው ሰው ሰምተው በቃል የሚይዙም አሉ። መስመሩን ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል፤ ያ ሰንጠረዥ ግን መንገዱን ሊያቋርጥ የወጣውን ሕፃን አያሳያቸውም።

ጥያቄ፦ በነጠብጣብ የተሞሉ ክብ ሥዕሎች አሳይተውኝ ቁጥሩን አንብብ አሉኝ፤ ከብዙዎቹ ምንም አላየሁም። የትራፊክ መብራት ግን ተሳስቼ አላውቅም። ቀለም አለመለየት ፈቃድ ያስከለክላል?
— ጥርጣሬ የገባው ሹፌር

መልስ፦ ያዩት ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ፈተና ነው። የሚያጣራው ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ያለበትን ሰው ነው፤ ችግሩ ምን ያህል እንደከፋ በትክክል ለመንገር ግን አልተሠራም። ስለዚህ በእሱ ብቻ «ቀለም አይለይም» ተብሎ የተዘጋ ፋይል ካለ ተጨማሪ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፈተናው በአግባቡ የሚሰጠው መጽሐፉ ከዓይን 75 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ተይዞ፣ በቀን ብርሃን ወይም እሱን በሚመስል መብራት ነው። ለአንድ ሥዕል የሚፈቀደው ሦስት ሴኮንድ ገደማ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ወይም ባለቀለም መነጽር አድርገው ከታዩ ውጤቱ አያስተማምንም። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደበዘዘ መጽሐፍም እንዲሁ። በስልክ ስክሪን የሚደረገውን ምርመራ ደግሞ ከቁጥር አያስገቡት፤ እያንዳንዱ ስክሪን ቀለሙን በራሱ መንገድ ነው የሚያወጣው።

ችግሩ በውርስ የሚመጣና ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ዘረ መሉ የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው፣ ወንድ ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች ለቤት መኪና አያስከለክልም። ለተወሰኑ የንግድና የሕዝብ ማመላለሻ ምድቦች፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን ግን ሕጉ ይለያል፤ የእርስዎ ምድብ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ።

የትራፊክ መብራት የማይሳሳቱት ሳያውቁት በቦታው ስለሚለዩት ነው፦ መብራቶቹ ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ ቀይ ምንጊዜም ከላይ፣ አረንጓዴ ከታች ነው። የ«ቁም» ምልክት ስምንት ማዕዘን፣ የ«ቅድሚያ ስጥ» ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሦስት ማዕዘን የሆኑትም ቀለም ብቻ እንዳይሆን ተብሎ ነው። አደጋው ያለው በቦታ መለየት በማይቻልበት ነው፤ ማታ ብቻውን ብልጭ የሚል መብራት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የመታው የፍሬን መብራት። ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር ያለዎትን ርቀት ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፉ። «ቀለም ያሳያል» ተብለው የሚሸጡ ባለቀለም መነጽሮች ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ስለሚቀንሱ ማታ አድርጎ መንዳት የባሰ ያደርጋል። ለምርመራም አይፈቀዱም።

ጥያቄ፦ የጤና ምርመራ ክፍል ስገባ ግፊቴ 162/98 ሆነ። ቤት ስለካው 128 ገደማ ነው። ነርሷ ግን ያየችውን ጻፈች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነጭ ጋውን ሲያዩ ግፊት መጨመሩ የታወቀ ነገር ነው፤ ግን ሁሉን በድንጋጤ ማሳበብም አይገባም። አለካኩን እንመርምረው። ሽንት ከያዙ፣ እያወሩ ከተለኩ ወይም ክንድዎ ሳይደገፍ ከተንጠለጠለ እያንዳንዱ እስከ 10 ነጥብ ሊጨምር ይችላል። ለክንድዎ የጠበበ መጠቅለያም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ክንድዎ ወፍራም ከሆነ ሰፊውን ይጠይቁ።

ትክክለኛው አለካክ ይህ ነው። ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ደረጃ እየሮጡ አይውጡ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። እጅጌዎን ከክንድዎ ያውልቁት፤ ወደ ላይ ጠቅልለው ካጠበቡት ራሱ ክንድዎን ያንቃል። መጠቅለያው በልብዎ ትክክል ይሁን። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ሁለቱም ይጻፍ። «እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ተቀምጬ ይደገምልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ያም ሆኖ ከፍ ካለ ለአንድ ሳምንት ቤትዎ ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ እየለኩ ከሰዓቱ ጋር ይመዝግቡና ለሐኪምዎ ያቅርቡ። በክሊኒክ 140/90፣ በቤት ደግሞ 135/85 እና ከዚያ በላይ እየደጋገመ ከተገኘ ሕክምና የሚፈልግ ግፊት ነው። መንዳት የሚያስከለክለው ወሰን ግን ከዚህ በብዙ ይርቃል፤ ለምሳሌ በብሪታንያ የከባድ መኪና ሹፌር መንዳት የሚያቆመው የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 100 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲዘልቅ ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በምርመራው ቀን አይዝለሉት፤ «ንጹሕ ውጤት ይምጣ» ብለው የሚተዉት ሰዎች ያጋጥሙናል።

ጥያቄ፦ ለካርዱ ፎቶ ስነሣ መነጽሬን ላውልቅ? ሁልጊዜ ነው የማደርገው።

መልስ፦ አብዛኛው ቦታ ያስወልቃል፤ ነጸብራቁና ክፈፉ ዓይንን ይሸፍናሉ። መነጽር አድርገው የመንዳት ግዴታዎ የሚታወቀው በፎቶው ሳይሆን ካርዱ ላይ በሚጻፈው ኮድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ካርዶች ላይ ለምሳሌ ከ01 የሚጀምር ቁጥር ነው። ዓይንዎን በጨረር ታክመው መነጽር ከጣሉ ኮዱን ማስነሣትዎን አይርሱ፤ ካልተነሣ ያለ መነጽር ሲነዱ ቢገኙ ጥፋተኛ ነዎት።

ጥያቄ፦ የጣት አሻራዬን ማሽኑ አልቀበልም እያለ ሦስቴ አስደጋገመኝ። የምሠራው ሲሚንቶ ነው።

መልስ፦ ሲሚንቶ፣ ኖራና የልብስ ሳሙና የአሻራን መስመር ይበላሉ፤ ሥራ ካቆሙ ቆዳው ራሱን ይተካል። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ጓንት ያድርጉ፣ ማታ ማታ ጣትዎን ቅባት ይቀቡ። በዕለቱ በለብ ያለ ውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ሲያስቀምጡ ጣትዎን አስተኝተው በእርጋታ ይጫኑ፤ ጠንክረው ሲጫኑ መስመሮቹ ይደፈጠጣሉ። መስተዋቱ ከቀደመው ሰው ቅባት ይዞ ሊሆን ስለሚችል እንዲጠረግ ይጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ጣት ይሞከራል።

ጥያቄ፦ ስሜ በፓስፖርቴና በመንጃ ፈቃዴ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል፤ የልደት ቀኔም በጥቂት ቀናት ይዛነፋል። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። በቅርቡ ወደ ሌላ አገር ስለምሄድ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ላወጣ አስቤያለሁ።

መልስ፦ እስካሁን አለመጠየቅዎ ወደፊት አይጠቅምዎትም፤ ካርዱ በኮምፒውተር ሲመሳሰል አንድ ፊደል ሌላ ሰው ያደርግዎታል። እድሳት ሲደረግ የቀድሞው ካርድ መረጃ እንዳለ ወደ አዲሱ ስለሚገለበጥ ስሕተቱም አብሮ ይታደሳል። ስለዚህ እርማቱ ከእድሳቱ በፊት ወይም አብሮ ይጠየቅ። ፓስፖርቱን መነሻ አድርገው እያንዳንዱን ፊደል ያስተያዩ። የልደት ቀን የሚዛነፈው ብዙ ጊዜ ከአንድ የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን ይዘው ይሂዱ፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ይግለጹ። ካርዱ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ስክሪን ላይ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ከታተመ በኋላ ለአንድ ፊደል ሌላ ወረፋ ነው።

የቀድሞውን ካርድ ግራና ቀኙን ፎቶ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ። አዲሱ ላይ የእድሳቱ ቀን ብቻ ከታተመ የስንት ዓመት ሹፌር መሆንዎን ለኢንሹራንስ ወይም ለአሠሪ ማስረዳት ይቸግርዎታል። ፈቃድዎ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከአገር ከወጡ በኋላ በርቀት ማስወጣቱ አድካሚ ነው።

ዓለም አቀፉን በተመለከተ፣ እሱ ራሱን የቻለ ፈቃድ ሳይሆን የአገር ቤቱ ፈቃድ የተረጋገጠ ትርጉም ነው። ብቻውን አይነዳበትም፤ የሚሰጠውም ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በተደረገው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚወጣው ለ1 ዓመት ያገለግላል። የ1968ቱን የቪየና ስምምነት ተከትሎ የሚወጣው እስከ 3 ዓመት ይሄዳል፣ ዋናው ፈቃድ ቀድሞ ካበቃ ግን አብሮ ያበቃል። የሚሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዋናው ሊያበቃ ጥቂት ወራት የቀሩት ከሆነም መጀመሪያ እሱን ያሳድሱ። በኢንተርኔት «ያለ ፈተና ለ10 ዓመት» እያሉ የሚሸጡት ካርድ ፕላስቲክ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን 74 ዓመት ሆኗቸዋል። ቀን ደህና ይነዳሉ፣ ሰንጠረዡንም አንብበው አልፈዋል። ማታ ግን «የመጪው መኪና መብራት አሳወረኝ» ይላሉ። ተው ብንላቸው ይቆጣሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰንጠረዡ የሚለካው በደማቅ ብርሃን፣ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደልን ነው። በጨለማ ከብርሃን ጋር መፋጠጥን አይለካም፤ ስለዚህ ማለፋቸው እውነት ነው፣ አለማየታቸውም እውነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብሌን በጨለማ እንደ ድሮው አይሰፋም፣ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስም ይደበዝዛል። በመብራት ዙሪያ ክብ ጸዳል ማየት የሞራ ግርዶሽ አንዱ ምልክት ነው፤ ግርዶሹ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ከዚያ በፊት ግን ርካሹን ይጨርሱ። የመኪናውን የፊት መስተዋት በውስጥ በኩል አጥቡት፤ በዓይን የማይታይ የቅባት ጭጋግ ይይዛል፣ መብራት ሲያርፍበት ይበተናል። የተጫጫረ መነጽር ይቀየር። ለማታ ተብሎ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር አትግዙላቸው፤ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አያሳይም።

ሐኪም ዘንድ የጎን ዕይታቸውም ይለካ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ጎን ጎኑን ቀስ እያለ ስለሚሰርቅ ባለቤቱ አያውቅም፣ ሰንጠረዡንም ጥርት አድርጎ ያነባል። በአውሮፓ ኅብረት ለቤት መኪና በአግድም ቢያንስ 120 ዲግሪ ይጠየቃል።

አነጋገሩን በተመለከተ ዕድሜያቸውን አታንሡ። «አባባ፣ ማክሰኞ ማታ መገንጠያውን አልፈውት ነበር» ብሎ አንድ የሆነ ነገር መጥቀስ ይሻላል። አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ግቡ፤ ከልጅ አፍ ትእዛዝ የሚሆነው ከሐኪም አፍ ምክር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ማቆምም ግድ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ አገሮች በቀን ብቻ ለመንዳት የተገደበ ፈቃድ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ሐሙስ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ደግሞ የእድሳት ምርመራ አለኝ። ይገጥማል?

መልስ፦ አይገጥምም። ሐኪሙ ሬቲናዎን ለማየት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከጨመረ ዕይታዎ ለሰዓታት፣ እንደ ጠብታው ዓይነት እስከ ማግስቱ ይደበዝዛል፣ ፀሐይም አያስቆምዎትም። እድሳቱን ቢያንስ ሁለት ቀን ያርቁት፤ ከሐኪም ሲመለሱም ሌላ ሰው ይንዳ።